ካናቢስ፦ የሐኪሙ፣ የዳኛውና የነጋዴው ጥያቄ

ዲሴምበር 2 ቀን 2020 ቪየና ላይ የተሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን ስለ ካናቢስ ድምፅ ሰጠ። 27 አገሮች ደገፉ፣ 25 ተቃወሙ፣ አንዲት አገር ድምፅ ከመስጠት ተቆጠበች። በዚህ ጠባብ ብልጫ ካናቢስ ከ1961ዱ ዓለም አቀፍ ስምምነት አራተኛ ሰንጠረዥ ወጣ። በዚያ ሰንጠረዥ የሚመዘገቡት እንደ ሄሮይን ያሉ፣ አደጋቸው የከፋና የሕክምና ጥቅማቸው እዚህ ግባ የማይባል ተብለው የተፈረጁ ዕፆች ናቸው። ከመጀመሪያው ሰንጠረዥ ግን አልወጣም፤ ዛሬም እንደ ሞርፊን ሁሉ ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግበት ዕፅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የድምፁ መቀራረብ ዓለም በጉዳዩ ምን ያህል እንደተከፈለ ያሳያል። አንዱ ወገን የሕሙማን መድኃኒት በወንጀል ስም ተነፍጓል ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ትውልድ የሚያጠፋ ሱስ በሕክምና ስም ሊገባብን ነው ብሎ ይሰጋል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ ነገር ግን የሚያወሩት ስለ ተለያየ ጉዳይ ነው። በካናቢስ ስም የሚነሡት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው የሐኪም ነው፤ የትኛውን ሕመም፣ በምን ያህል መጠን ይረዳል? ሁለተኛው የዳኛ ነው፤ የተጠቀመ ሰው ይታሰር ወይ? ሦስተኛው የነጋዴ ነው፤ ማን ያምርት፣ ማን ይሽጥ፣ ትርፉስ ለማን ይሁን? ለአንዱ የሚሆነው መልስ ለሌላው አይሆንም። ይህ ዳሰሳ ሦስቱን ለያይቶ ያያል፤ ከዚያም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ምን ማለት እንደሆኑ ይጠይቃል።

የሐኪሙ ጥያቄ

በተክሉ ውስጥ ካናቢኖይድ የሚባሉ ከመቶ በላይ ውህዶች አሉ። ክርክሩ በአብዛኛው የሚያጠነጥነው ግን በሁለቱ ላይ ነው። ቲኤችሲ የሚባለው የሚያሰክረው ነው፤ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ማቅለሽለሽንም ያስታግሳል። ሲቢዲ የሚባለው አያሰክርም። የዚህን ሳይንስ መሠረት ከጣሉት ሰዎች ቀዳሚው በ2023 ያረፉት እስራኤላዊው ኬሚስት ራፋኤል ሜሹላም ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለምርምራቸው የሚሆን 5 ኪሎ ሐሺሽ ያገኙት ከፖሊስ ነበር። በ1964 ከባልደረባቸው ከየሂኤል ጋኦኒ ጋር ቲኤችሲን ለይተው አወጡ። በ1992 ደግሞ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የሰው አካል ራሱ ከካናቢስ ጋር የሚመሳሰል ቅመም እንደሚያመነጭ አገኙ። ተክሉ በሰው ላይ የሚሠራው አካላችን አስቀድሞ ለዚህ የሚሆን ሥርዓት ስላለው መሆኑ የታወቀው በእነዚህ ዓመታት ነው። ያ ሥርዓት በሕመም ስሜት፣ በምግብ ፍላጎት፣ በእንቅልፍና በማስታወስ ላይ እጁን ያስገባል።

ሜሹላም የተሳተፉበት አንድ አነስተኛ ጥናት በ1980 ብራዚል ውስጥ ተካሂዶ ነበር። የታወቁት መድኃኒቶች ያልረዷቸው 15 የሚጥል በሽታ ሕሙማን ተሳተፉ። ሲቢዲ ከተሰጣቸው ስምንት ሰዎች መካከል አራቱ በጥናቱ ወቅት የሚጥላቸው ከናካቴው ሊቀር ምንም አልቀረውም። ግኝቱ ግን ለአሥርተ ዓመታት ተከታይ አላገኘም። ከሲቢዲ የተሠራው ኤፒዲዮሌክስ በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የጸደቀው በ2018 ነው፤ በሕፃንነት የሚጀምሩ ሁለት ብርቱ የሚጥል በሽታ ዓይነቶችን፣ ድራቬንና ሌኖክስ ጋስቶን፣ ለማከም ነበር። በመካከሉ 38 ዓመት አለፈ። ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት ተክሉን ለምርምር ማግኘት ራሱ ብዙ ፈቃድና ውጣ ውረድ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። ክልከላው ሱሰኛውን ብቻ ሳይሆን ሳይንቲስቱንም አሰረ፤ በዚህ ነጥብ የሕጋዊነት ደጋፊዎች ትክክል ናቸው።

ሌላው ማስረጃ ምን ይላል? የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች ከ10,000 በላይ የጥናት ጭምቆችን አይተው በ2017 ባወጡት ሪፖርት ጠንካራ ማስረጃ ያገኙት በሦስት ጉዳዮች ነው፤ በአዋቂዎች ሥር የሰደደ ሕመም፣ የካንሰር ኬሞቴራፒ በሚያስከትለው ማቅለሽለሽና ማስመለስ፣ እንዲሁም መልቲፕል ስክሌሮሲስ በሚያመጣው የጡንቻ መገታተር። ከሦስቱ የመጀመሪያው እንኳ እስካሁን ያከራክራል። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ2021 ባወጣው አቋም፣ ያሉት ጥናቶች አጫጭርና ጥራታቸውም የተጓደለ ስለሆነ ካናቢኖይዶችን ለሕመም ማስታገሻነት አልደግፍም ብሏል። ለግላኮማ ይረዳል የሚባለውም የዓይንን ግፊት የሚቀንሰው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለሆነ የዓይን ሐኪሞች አይመክሩትም። ካንሰርን ይፈውሳል የሚለው ወሬ ደግሞ በቤተ ሙከራ ሕዋሳት ላይ ከታየው አልፎ በሰው ላይ የተረጋገጠ መሠረት የለውም። ይህን ለተስፈኛ ሕመምተኛ እየነገሩ ዘይት መሸጥ ግፍ ነው።

መድኃኒትን ከቅጠል የሚለየው መጠኑ መታወቁ ነው። ኤፒዲዮሌክስን ለሚወስድ ልጅ የጉበቱ ጤና በደም ምርመራ ክትትል ይደረግበታል፤ ከሌሎች የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ የሚፈጠረው መጋጨትም ይታወቃል። ከመንደር የተገዛ ጭስ ወይም በኢንተርኔት የታዘዘ ጠብታ ይህ ሁሉ የለውም። ስለዚህ የሐኪሙ መልስ "ካናቢስ መድኃኒት ነው" ወይም "አይደለም" ተብሎ አያልቅም። ከተክሉ የተገኙ ጥቂት መድኃኒቶች ለጥቂት በሽታዎች ይሠራሉ፤ የቀረው ገና ምርመራ ይፈልጋል።

ጉዳቱ

ካናቢስ እንደ ሄሮይንና እንደ ሌሎቹ የኦፒየም ዝርያዎች ትንፋሽን አቁሞ አይገድልም፤ ትንፋሽን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ላይ ያለው ኃይል አነስተኛ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ጉዳት የለውም ማለት ግን ስሕተት ነው። ከሞከሩት ሰዎች 9 በመቶ ያህሉ ሱሰኛ እንደሚሆኑ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ በጀመሩት ላይ ደግሞ ቁጥሩ ከስድስት አንድ ገደማ እንደሚደርስ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። በ2019 ላንሴት ሳይካያትሪ ላይ የታተመው፣ በአውሮፓ ከተሞችና በብራዚል የተካሄደ ጥናት በየቀኑ የሚጠቀሙ ሰዎች ሳይኮሲስ በሚባለው ከእውነታ የሚያለያይ የአእምሮ ሕመም የመያዛቸው ዕድል በሦስት እጥፍ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ኃይለኛውን ዓይነት በየቀኑ ለሚወስዱት ዕድሉ ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል።

ኃይለኛ የሚባለው የትኛው ነው? በ1990ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ በተያዘው ካናቢስ የነበረው የቲኤችሲ መጠን 4 በመቶ ገደማ ነበር። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው አበባ ብዙውን ጊዜ ከ15 በመቶ ያልፋል፤ ተጨምቆ የሚዘጋጀው ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። በወጣትነታቸው ያጨሱትን አስታውሰው "እኛስ ምን ሆንን?" የሚሉ ወላጆች ስለ ሌላ ዕፅ እያወሩ ነው። በከረሜላና በኬክ መልክ የሚሸጠውን ሳያውቁ በልተው ድንገተኛ ክፍል የሚገቡ ሕፃናትም በሰሜን አሜሪካ በርክተዋል።

እዚህ ላይ ደጋፊዎች አልኮልንና ትምባሆን ያነሣሉ። ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል፤ ሕጋዊ ነው፤ ካናቢስ ለምን ይከለከላል? ጥያቄው ተገቢ ነው። የእኔ መልስ ግን ከእነሱ ይለያል። የትምባሆ ታሪክ የሚያስተምረን ሱስ የሚሸጥ ኢንዱስትሪ አንዴ ከተደራጀ በኋላ እሱን መግራት ምን ያህል ዘመን እንደሚፈጅ ነው።

የዳኛው ጥያቄ

ክልከላው ከአሜሪካ ብቻ የመጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይሁንና ሐሺሽ በዓለም አቀፍ የኦፒየም ስምምነት ውስጥ እንዲካተት በ1925 ጄኔቫ ላይ አጥብቃ የጠየቀችው ግብፅ ነበረች። አሜሪካ በ1937 በግብር ሕግ ስም አገደችው፤ በ1970 ደግሞ ከሄሮይን ጎን አስቀመጠችው። ከሁለት ዓመት በኋላ በሬይመንድ ሼፈር የተመራው ኮሚሽን ለግል መጠቀሚያ ጥቂት መያዝ ወንጀል መሆኑ እንዲቀር ሐሳብ ቢያቀርብም ፕሬዚዳንት ኒክሰን አልተቀበሉትም። ከዚያ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ታሰረ። የአሜሪካ የሲቪል ነጻነቶች ኅብረት በ2020 ባወጣው ዘገባ፣ ጥቁሮችና ነጮች ካናቢስ የሚጠቀሙበት መጠን ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ጥቁሮች የመታሰራቸው ዕድል ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ለአንድ ወጣት የእስር መዝገብ ሥራ ማጣት፣ ቤት መከራየት አለመቻል ማለት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ቅጣቱ ከዕፁ ይልቅ ይጎዳል።

አገሮች ያገኟቸው መፍትሔዎች የተለያዩ ናቸው። ፖርቱጋል ከ2001 ጀምሮ ለግል መጠቀሚያ የሚሆን ዕፅ የያዘን ሰው ወደ ፍርድ ቤት ከመላክ ይልቅ የሕክምናና የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎች ወዳሉበት ኮሚሽን ትልካለች። ሻጩ ግን አሁንም ወንጀለኛ ነው። ኡራጓይ በ2013 ሙሉ ሕጋዊነትን በማወጅ ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች፤ ሽያጩን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር አድርጋ በፋርማሲ ታከፋፍላለች። ካናዳ በኦክቶበር 2018 ገበያውን ከፈተች። ጀርመን ከኤፕሪል 2024 ወዲህ አንድ አዋቂ እስከ 25 ግራም ይዞ እንዲንቀሳቀስና ሦስት ተክል እንዲያበቅል ፈቅዳለች፤ ሱቅ ግን አልከፈተችም፤ ማምረትና ማከፋፈሉን ለትርፍ ለማይሠሩ ክበቦች ሰጠች። ታይላንድ በጁን 2022 ዕፁን ከአደንዛዥ ዕፆች ዝርዝር ስታወጣ የሚገዛውን ሕግ አላዘጋጀችም ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ሱቆች በየመንገዱ ተከፈቱ፤ በ2025 መንግሥት ወደ ኋላ ተመልሶ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ ከለከለ።

ከእነዚህ ሁሉ ግልጽ ሆኖ የሚወጣው ወንጀልነቱን መሰረዝና ገበያ መክፈት ሁለት የተለያዩ እርምጃዎች መሆናቸው ነው። ሰውን ከእስር ለማዳን ሱቅ መክፈት አያስፈልግም። ፖርቱጋል ያለ ሱቅ አድርጋዋለች።

የነጋዴው ጥያቄ

በኢኮኖሚው ክርክር ቀድሞ የሚነሣው የአሜሪካው ግዛት ኮሎራዶ ነው። በ2012 በሕዝብ ድምፅ ተፈቅዶ ሽያጩ ጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ጀመረ። ገበያው በ2021 ከ2.2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ፤ ግዛቱም በዚያ ዓመት ብቻ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ግብርና ክፍያ ሰበሰበ። ከፊሉ ለትምህርት ቤት ግንባታ ዋለ። ከዚያ በኋላ ግን ሽያጩ እያሽቆለቆለ በ2023 ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ወረደ። ኒው ሜክሲኮን የመሰሉ ጎረቤት ግዛቶች ሱቅ ሲከፍቱ ወደ ኮሎራዶ ይጎርፍ የነበረው ገዢ ቀረ፤ ምርቱ ሲበዛም ዋጋ ወደቀ። ቀድሞ የገባ ያተርፋል፤ ሁሉም ሲገባ ትርፉ ይሳሳል።

ስሚዝስ ፎልስ የምትባለው በካናዳ ኦንታሪዮ የምትገኝ ከተማ ደግሞ የኢንዱስትሪውን ተስፋና ውድቀት በአንድ ሕንፃ ውስጥ አየች። የኸርሺ ቸኮላት ፋብሪካ በ2008 ተዘግቶ ከተማዋ ሥራ አጥታ ነበር። በኋላ ካኖፒ ግሮውዝ የተባለው ኩባንያ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ካናቢስ ማምረት ጀመረ፤ በዓለም ካሉት ግዙፎች አንዱም ሆነ፤ ከተማዋ ተነቃቃች። በ2023 ኩባንያው 800 ያህል ሠራተኞች እንደሚቀንስና ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ሕንፃውን መልሶ የገዛው ኸርሺ ነበር። የካናዳ አምራቾች ከሚሸጠው በላይ አምርተው የተረፈውን ለማስወገድ ተገድደዋል። በሌላ በኩል ካናዳ አንድ ዓላማዋን በአብዛኛው አሳክታለች፤ ዛሬ አብዛኛው ገዢ ጥራቱ የተፈተሸ ምርት ከሕጋዊ ሱቅ ያገኛል። ግብር ያከበደችውና ፈቃድ ያጠበበችው ካሊፎርኒያ ግን ሱቆቿ በ2018 ከተከፈቱ በኋላም የጥቁር ገበያውን ጫንቃ መስበር አልቻለችም።

ከገንዘቡ ጀርባ አንድ የማይወራ ሐቅ አለ። ገበያው የሚኖረው አልፎ አልፎ በሚያጨሰው ሰው አይደለም፤ በየቀኑ በሚጠቀመው ነው። በ2024 በታተመ ጥናት መሠረት፣ አሜሪካ ውስጥ በ2022 ካናቢስን በየቀኑ ወይም በየቀኑ ሊባል በሚችል ደረጃ የሚጠቀሙት 17.7 ሚሊዮን ሰዎች ሲሆኑ አልኮልን በዚያው ያህል የሚጠጡት 14.7 ሚሊዮን ነበሩ። እንዲህ ያለ ታሪክ ከዚያ በፊት አልተመዘገበም። የንግዱ ጥቅምና የሕዝብ ጤና የሚጋጩት እዚህ ላይ ነው፤ ሐኪሙ እንዲቀንስ የሚመክረውን ሰው ነጋዴው እንዲጨምር ይፈልገዋል።

አፍሪካ፦ ፈቃዱ ለማን?

በአህጉራችን ለሕክምና ምርት ፈቃድ በመስጠት የመጀመሪያዋ በ2017 ሌሶቶ ሆነች። ዚምባብዌ በ2018፣ ማላዊ በ2020 ተከተሉ። ሩዋንዳም ለውጭ ገበያ ብቻ በሚል መንገዱን ከፈተች። ተስፋው አንድ ዓይነት ነው፤ ርካሽ መሬት፣ ብዙ ፀሐይ፣ የአውሮፓ ገዢ። እንቅፋቱም አንድ ዓይነት ሆነ። የአውሮፓን የመድኃኒት ጥራት መመዘኛ የሚያሟላ ማምረቻ ብዙ ካፒታል ይፈልጋል፤ የፈቃዱ ክፍያም ለአርሶ አደር የሚቀመስ አይደለም። ሌሶቶ ውስጥ በተራራ ላይ ተክሉን በድብቅ እያበቀሉ ልጆቻቸውን ሲያስተምሩ የኖሩ ገበሬዎች ፈቃዱ ሲመጣ በአብዛኛው ውጭ ቀሩ፤ የገቡት የውጭ ኩባንያዎች ናቸው።

ሞሮኮ የተሻለ ጅምር አሳይታለች። የ2021ዱ ሕጓ ለሕክምናና ለኢንዱስትሪ የሚውል ምርትን በሪፍ ተራሮች ባሉ ተለይተው በታወቁ አውራጃዎች ብቻ ፈቀደ፤ የአካባቢው ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው እንዲገቡም አዘዘ። በኦገስት 2024 ንጉሡ ከካናቢስ እርሻ ጋር በተያያዘ የተፈረደባቸውንና የሚፈለጉትን ከ4,800 በላይ ሰዎች በምሕረት ነጻ አወጡ። ገበሬን በፍርሃት እያኖሩ ሕጋዊ ገበያ መገንባት እንደማይቻል የተረዳ እርምጃ ነው። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደች። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ በ2018 አዋቂ ሰው በግል ቤቱ መጠቀሙን ወንጀል ማድረግ የግላዊነትን መብት ይጥሳል ብሎ ወሰነ፤ በ2024 የወጣው ሕግም ይህን አጸና፤ መሸጥን ግን አልፈቀደም።

ወደ እኛ ስንመጣ

ተክሉ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። ከጣና ሐይቅ አቅራቢያ ላሊበላ ዋሻ በሚባል ቦታ (ከላስታው ላሊበላ የተለየ ነው) በቁፋሮ የተገኙ የሸክላ ጋያ ክፍሎች ላይ ተመራማሪዎች የካናቢስ ቅሪት ማግኘታቸውን በ1970ዎቹ አሳትመዋል፤ ዘመኑንም ወደ 14ኛው መቶ ዓመት ገምተውታል። በቅርቡ ታሪክ ስሙ ከሻሸመኔ ጋር ይነሣል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ለጥቁር ሕዝቦች በሰጡት መሬት የሰፈሩት ራስተፈሪያውያን ዕፁን እንደ እምነታቸው አካል ያዩታል። ሕጉ ግን ልዩነት አያደርግም። የ1996ቱ (ዓ.ም.) የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ያለ ፈቃድ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን በብርቱ ይቀጣል።

ለእኛ የሐኪሙ ጥያቄ ከሌሎች አገሮች በተለየ መልክ ይመጣል። ኤፒዲዮሌክስ ገበያ ላይ ሲወጣ የዓመት ዋጋው ከ32,000 ዶላር በላይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የሚጥል በሽታን በተለመዱ መድኃኒቶች ለማከም በዓመት 5 ዶላር ገደማ ሊበቃ ይችላል፤ በአግባቡ ቢታከሙ ከሕሙማኑ 70 በመቶ የሚሆኑት ከመውደቅ ይድናሉ። በድሃ አገሮች ግን ከአራቱ ሦስቱ ሕክምና አያገኙም። ከሕሙማናችን አንዳንዶቹ ዛሬም ክብሪት እየተጫረላቸው፣ በጸበል ደጃፍ በሰንሰለት ታስረው ይኖራሉ። ስለ ሲቢዲ ከመወያየታችን በፊት የተለመደው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ፌኖባርቢታል በየጤና ጣቢያው ሳይቋረጥ መኖር አለበት። ይህ ሲሟላ፣ ሌላ መድኃኒት ያልረዳቸው ልጆች ጥራቱ የተረጋገጠ ሲቢዲ የሚያገኙበትን መንገድ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቢያዘጋጅ የ1961ዱ ስምምነት አይከለክልም።

ለነጋዴው ጥያቄ ደግሞ ትምህርት ፍለጋ ኮሎራዶ መሄድ አያሻንም፤ ጫት አለን። በአንዳንድ ዓመታት ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ የውጭ ምንዛሪ አምጥቷል፤ የሐረርጌን ገበሬ ቡናው ከማያስገባው የገንዘብ ዕድል አድርሶታል። ይህ እውነት ነው። በ1990ዎቹ በቡታጅራ በተካሄደ ሰፊ ጥናት ከአዋቂዎቹ ግማሽ ያህሉ ጫት ቃሚ ሆነው መገኘታቸውም እውነት ነው። ኔዘርላንድስ በ2013፣ ብሪታንያ በ2014 ሲያግዱት ገበያው በአንድ ውሳኔ እንደሚዘጋ አየን። ከቅጠሉ ከሚገኘው ገንዘብ ላይ ለሱስ ሕክምና፣ ለአእምሮ ጤናና በትምህርት ቤቶች ለሚደረግ የመከላከል ሥራ የሚመጥን ድርሻ ሳንመድብ ዓመታት አልፈዋል። ያንን ሥርዓት ሳይገነቡ ሁለተኛ ቅጠል መጨመር ለወጣቱ ደግ ማሰብ አይደለም።

በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን በተለይ ማወቅ ያለባቸው አለ። በአሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ሜሪላንድ፣ ዋሽንግተን፣ ኮሎራዶና ሚኒሶታ ለአዋቂዎች ፈቅደዋል፤ የፌዴራል ሕግ ግን ዜጋ ላልሆነ ሰው በዚህ ምክንያት አይላላም። የኢሚግሬሽን አገልግሎቱ በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ በግዛት ሕግ የተፈቀደ መጠቀም ወይም በዘርፉ ተቀጥሮ መሥራት ጭምር የመልካም ሥነ ምግባር መስፈርትን ሊያሳጣና ዜግነት ሊያስከለክል ይችላል። የከባድ መኪና ሹፌርም እንዲሁ የፌዴራል ምርመራ ስላለበት የግዛቱ ፈቃድ መንጃ ፈቃዱን አያድንለትም። በሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ ጉዳዩ የሞትና የሕይወት ነው። በቅርብ ዓመታት በሐሺሽ ማዘዋወር ተከስሰው በሞት ከተቀጡት መካከል ኢትዮጵያውያን እንደሚገኙ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች መዝግበዋል፤ በየመን በኩል በእግር የሚሄድ ስደተኛ ምንነቱን የማያውቀውን ዕቃ እንዲሸከም ሲጠየቅ ይህን ማወቅ አለበት።

ምን ይደረግ?

ዳሰሳው ወደ ሦስት መልስ ያደርሰኛል። ለሐኪሙ በሩ ይከፈት፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በፈቃድ ይመርምሩ፣ የተረጋገጠው መድኃኒት እንደማንኛውም መድኃኒት ተመዝግቦ በማዘዣ ይሰጥ። በዳኛው ፊት ተጠቃሚና አዘዋዋሪ ይለዩ፤ ለግሉ ጥቂት የተገኘበትን ወጣት ጽኑ እስራት አያድነውም፤ ምክርና ሕክምና ግን ሊያድነው ይችላል። ነጋዴው ይቆይ፤ ለመዝናኛ የሚሆን ገበያ ለመክፈት የሚያስፈልገው ተቆጣጣሪ፣ ላቦራቶሪና የሱስ ሕክምና የለንም፤ የበለጸጉት አገሮች እንኳ ይህን ሁሉ ይዘው እየተንገዳገዱ ነው። አንድ ቀን ለሕክምና የሚሆን ምርት ለውጭ ገበያ ይፈቀድ ከተባለም የሌሶቶ ሳይሆን የሞሮኮ መንገድ ይመረጥ፤ መጀመሪያ ገበሬው፣ ከዚያ ባለሀብቱ።

ስለ ካናቢስ የሚደረገው ውይይት እስከ ዛሬ በአብዛኛው በፖሊስ መግለጫ ተወስኗል። ሐኪሞች፣ የሕግ ባለሙያዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ሱስን ቀምሰው የወጡ ወጣቶችና ወላጆቻቸው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሊነጋገሩበት ይገባል። አለዚያ ውሳኔው የሚመጣው በደንብ ሳናስብበት፣ ትርፉን አስቀድሞ ያሰላ ባለጉዳይ ረቂቁን ይዞ ሲቀርብ ነው።